ሁለት ጊዜ የተጎዳው ቀይ ሥዕል፦ የአምስተርዳሙ የባርኔት ኒውማን ሸራ ጉዳይ

ማርች 21 ቀን 1986 አንድ ሰው አምስተርዳም ውስጥ ወደሚገኘው ስቴደላይክ ሙዚየም ገብቶ አንድ ግዙፍ ቀይ ሥዕል በምላጭ ቢላ ቆራረጠ። ቁርጦቹ ሲደመሩ 15 ሜትር ይጠጉ ነበር። ሥዕሉ አሜሪካዊው ባርኔት ኒውማን በ1967 እና 1968 የሠራው «ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊን ማን ይፈራል? 3ኛ» የተባለው ሸራ ነው። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1991፣ ተጠግኖ ወደ ግድግዳው ሲመለስ ሌላ ጭቅጭቅ ተነሣ፤ የኔዘርላንድስ ተቺዎችና ባለሙያዎች ቢላው ያልገደለውን ሥዕል ጥገናው ገደለው አሉ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የመጀመሪያውን ጉዳት ለማየት ዓይን ይበቃል። ሁለተኛውን ለመረዳት ግን ቀለም ራሱ ምን ዓይነት ነገር እንደሆነ፣ ከምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚደርቅና ብርሃንን እንዴት እንደሚመልስ ማወቅ ያስፈልጋል። እኔን የሚስበኝ ይህ ሁለተኛው ነው። ስለ ቆራጩ ብዙ ተጽፏል፣ እዚህ አልደግመውም፤ ስሙንም መጥራት አያሻኝም።

ሥዕሉ

ከፍታው 224፣ ስፋቱ 544 ሴንቲ ሜትር ነው። በሸራ ላይ በዘይት ቀለም ተሠርቷል። ከዳር እስከ ዳር ማለት ይቻላል ቀይ ነው፤ በግራው ጫፍ ሰማያዊ ሰቅ፣ በቀኙ ጫፍ ደግሞ ከዚያ የቀጠነ ቢጫ ሰቅ አለ። ስለዚህ በጥብቅ አነጋገር የአንድ ቀለም ሥዕል አይባልም። ይሁን እንጂ ፊት ለፊቱ ለቆመ ሰው ሁለቱ ሰቆች ቀዩ የት እንደሚያበቃ የሚናገሩ ዳርቻዎች ናቸውና በአንድ ቀለም ሥዕሎች ላይ የሚነሣው ጥያቄ ሁሉ እዚህም ይነሣል።

ኒውማን በ1905 ኒው ዮርክ ተወልዶ በ1970 ያረፈ ሠዓሊ ነው። ከ1966 ጀምሮ እስከ ዕለተ ሞቱ በዚህ ርእስ አራት ሥዕሎችን ሠራ። ርእሱ ነገር ያዘለ ነው፤ ሠዓሊው ፒት ሞንድሪያን ቀይን፣ ቢጫንና ሰማያዊን እንደ ሕግ ከተከላቸው በኋላ ከሠዓሊያን መካከል ማን ደፍሮ ይነካቸዋል የሚል ፈተና አለበት። ሞንድሪያን ሆላንዳዊ ነበርና፣ ስቴደላይክ በ1969 ሦስተኛውን ሲገዛ ፈተናው ወደ ራሱ አገር መጣ ማለት ነው።

ስለ ኒውማን አንድ ነገር ካልተጠቀሰ የቀረው ታሪክ አይገባም። በ1951 በኒው ዮርኩ ቤቲ ፓርሰንስ ጋለሪ ሥራዎቹን ሲያሳይ አንዲት ማሳሰቢያ ለጥፎ ነበር። ሰው ትልልቅ ሥዕሎችን ራቅ ብሎ የማየት ዝንባሌ አለው፤ እዚህ የቀረቡት ግን ከቅርብ እንዲታዩ የታሰቡ ናቸው የሚል ነበር መልእክቷ። አምስት ሜትር ተኩል የሚጠጋ ቀይ ፊት በአንድ ክንድ ርቀት የቆመ ሰው ሥዕሉን ጠቅልሎ ማየት አይችልም። ዳርቻዎቹ ከዓይኑ ይወጣሉ። የሚቀርለት ገጹ ነው፤ የት ጋ ወፈር፣ የት ጋ ሳሳ እንዳለ፣ የት ጋ ብርሃን እንደሚመልስና የት ጋ እንደሚውጥ። ሠዓሊው ተመልካቹን ሆነ ብሎ ያመጣው ወደዚህ ነው፤ ጥገናውም የሚመዘነው ከዚሁ ርቀት ነው።

«ይህንንማ ማንም ይቀባዋል»

ሥዕሉ በተቆረጠ ሰሞን ከሕዝቡ የመጣው ምላሽ ቁጣ ብቻ አልነበረም። ለሙዚየሙና ለጋዜጦች ከደረሱት ደብዳቤዎች መካከል ቆራጩን የሚያመሰግኑ ነበሩ። መከራከሪያቸው እኛም አገር ቢሆን ያው ነው፦ ቀይ ቀለም ሸራ ላይ መቀባት ምን ጥበብ አለው? ልጄም ያደርገዋል!

ይህን ጥያቄ በንቀት ማለፍ ልማድ ሆኗል። እኔ ግን ሊፈተሽ የሚችል አባባል ስለሆነ እወደዋለሁ። ማንም የሚቀባው ከሆነ ደጋግሞ መቀባት ይቻላል፤ ቢጎዳም ያው ቀይ ይመለስለታል። በአምስተርዳም የሆነው ሁሉ የዚህ አባባል ፈተና ነበር፤ ያውም በልጅ ሳይሆን ስመ ጥር በሆነ የሥዕል ጥገና ባለሙያ፣ በብዙ ገንዘብና በዓመታት ጊዜ የተደረገ ፈተና።

ቀይ ከምን ይሠራል?

የሠዓሊ የዘይት ቀለም በመሠረቱ ሁለት ነገር ነው፤ የደቀቀ የቀለም ዱቄትና እርሱን የሚያያይዝ ዘይት፣ አብዛኛውን ጊዜ የተልባ ዘይት። የተልባ ዘይት እንደ ውኃ ተንኖ አይደርቅም። ከአየሩ ኦክስጅን ይወስድና ሞለኪውሎቹ እርስ በርስ ተሳስረው ቀስ በቀስ ጠንካራ ስስ ሽፋን ይሆናሉ። ላዩ በቀናት ውስጥ ለእጅ ሲደርቅ ውስጡ ለዓመታት መለወጡን ይቀጥላል። በ1986 የኒውማን ቀይ የአሥራ ስምንት ዓመት ዕድሜ ነበረው፤ ከቱቦ ተጨምቆ ዛሬ የሚወጣ ቀይ፣ ከዚያው ፋብሪካ በዚያው ስም ቢመጣ እንኳ፣ እኩያው አይደለም።

ሌላው የዘይቱ መጠን ነው። ዘይት የበዛበት ቀለም ያብረቀርቃል፣ ጥልቅ መስሎ ይታያል። ዘይት ያነሰው ወይም ከሥሩ ያለው ንጣፍ ዘይቱን የጠጣበት ደግሞ ደብዘዝ ይላል። ሠዓሊ በቲነር እያቀጠነ ብዙ ስስ ንጣፎችን ሲደራርብ እያንዳንዱ ንጣፍ ትንሽ ብርሃን ያሳልፋል፣ ትንሽ ይመልሳል። ዓይን የሚደርሰው ብርሃን ከላይኛው ገጽ ብቻ የመጣ ሳይሆን ከሥር ካሉት ጋር ተደባልቆ የመጣ ነው። በዚህ ላይ የብሩሹ ፈር አለ። እያንዳንዱ ፀጉር የተወው ጥቃቅን ሸንተረር ከጎን የሚመጣውን ብርሃን በራሱ አቅጣጫ ይበትናል፤ ተመልካቹ ሁለት እርምጃ ወደ ጎን ሲል ቀዩም አብሮት ይለወጣል። ኒውማን ሰፋፊ የቀለም ሜዳዎቹን የሚሠራው በዚህ መልክ፣ በብሩሽ ንጣፍ በንጣፍ እያነባበረ ነበር። ከአምስተርዳሙ ሥዕል ፊት የቆሙ ሰዎች ቀዩ ይተነፍሳል፣ ይርገበገባል እያሉ ያወሩ የነበረውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ ይህ ሁሉ የሚለካ የቁስ ባሕርይ ነው።

እንግዲህ «ቀይ» የሚለው ስም ከእነዚህ አንዱን እንኳ አይነግረንም። የቀለም መለኪያ መሣሪያ ሁለት ገጾችን በቁጥር አንድ ናቸው ሊል ይችላል፤ የንጣፎቻቸው ብዛት፣ የወዛቸው መጠንና የብሩሽ ፈራቸው ከተለያየ ግን ለዓይን ሁለት ይሆናሉ።

ቁርጡን መደበቅ ለምን አስቸጋሪ ሆነ?

በወጣሪ እንጨት ላይ የተወጠረ ሸራ ሲቆረጥ ውጥረቱ ይፈታል። የቁርጡ ከንፈሮች ይገለበጣሉ፣ ክሮቹ ይተረተራሉ፣ ከቀለሙ ሥር ያለው የመነሻ ቅብ እየተሰነጠቀ ይረግፋል። ይህን መመለስ አድካሚ ነው፤ ግን የጥገና ሙያ የሚያውቀው ሥራ ነው። ከባዱ የሚመጣው ከዚያ በኋላ፣ ቀለሙ የረገፈበትን መስመር መልሶ ማቅለም ላይ ነው።

የአንድ ቅዱስ ሥዕል ካባው ላይ ቢጫር ጠጋኙ ብዙ ረዳት አለው። የካባው እጥፋት፣ ጥላው፣ የጌጡ መስመር ዓይንን ያዘናጉለታል። በአንድ ቀለም ሜዳ ላይ ግን ዓይንን የሚያዘናጋ ምንም የለም። ቤቱን ቀለም አስቀብቶ ከወራት በኋላ አንዲት ጭረት ከተረፈው ከዚያው ቆርቆሮ ያስነካ ሰው ነገሩን ያውቀዋል፤ ቀለሙ አንድ ነው፣ የተነካው ቦታ ግን ከበሩ ጀምሮ ይታያል። ቀቢውም የሚሰጠው ምክር የታወቀ ነው፤ «ግድግዳውን ሙሉ እንድገመው»።

ለግድግዳ ትክክለኛ ምክር ነው።

ጥገናው

ሙዚየሙ ሥዕሉን ዳንኤል ጎልድራየር ለተባለ የኒው ዮርክ ጠጋኝ ሰጠ። ሸራው አትላንቲክን ተሻግሮ ሄዶ ዓመታት ቆየና በ1991 ተመለሰ። ቁርጦቹ አይታዩም ነበር። በዚህ ረገድ ሥራው ተሳክቷል፤ ከፎቶግራፍ ብቻ የሚፈርድ ሰው እጁን አንሥቶ ያጨበጭባል።

ሥዕሉን ከቀድሞው የሚያውቁት ግን ወዲያው ተጠራጠሩ። ቀዩ አንድ ወጥ ሆኗል፣ ጥልቀቱ ጠፍቷል፣ መርገብገቡ ቀርቷል አሉ። ከዚያም አልፈው ሜዳው በሩሎ፣ ማለትም ግድግዳ በሚቀባበት ተሽከርካሪ መሣሪያ፣ ተቀብቷል የሚል ክስ አነሡ። ጎልድራየር አስተባበለ፤ በጥቃቅን የብሩሽ ነጥቦች፣ ለጥገና በሚመች አክሪሊክ (በዘይት ፈንታ በሰው ሠራሽ ሙጫ የሚያያዝ) ቀለም ቁርጦቹን ብቻ እንደነካ ተናገረ።

ቃል በቃል ላይ ሲሆን የሚፈርደው ቁሱ ነው። ሥዕሉ ኔዘርላንድስ ውስጥ ለፍትሕ ሚኒስቴር የፎረንሲክ ላቦራቶሪ ቀረበ። ወንጀል መርማሪዎች የሚሠሩበት ቤት ነው፤ አንድ ረቂቅ ሥዕል እንደ አስከሬን ሲመረመር ታየ። እንዲህ ባለ ምርመራ ከገጹ ከነጥብ የማትበልጥ ፍንካች ትነሣና በጠራ ሙጫ ውስጥ ተቀብራ በስለት ትከፈላለች። በአጉሊ መነጽር ከጎን ስትታይ ንጣፎቹ እንደ መጽሐፍ ገጾች ተደርድረው ይገኛሉ፦ ከታች የመነሻ ቅቡ፣ ከላዩ የሠዓሊው ንጣፎች፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ሌላ እጅ ያኖረው ካለ እርሱ። የእያንዳንዱ አያያዥ ምን እንደሆነም በኬሚካል ትንተና ይለያል።

ላቦራቶሪው የደረሰበት መደምደሚያ ክሱን የሚደግፍ ነበር። ቀዩ ሜዳ በአልካይድ ቀለም፣ በሩሎ፣ እንደ አዲስ ተሸፍኗል፤ በላዩም ቫርኒሽ ተደርቧል። አልካይድ ለበርና ለመስኮት የሚሸጠው የቤት ቀለም የሚሠራበት ሙጫ ነው። ጎልድራየር ግኝቱን አልተቀበለም። ስሜ ጠፋ ብሎ የ125 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ፤ ነገሩም ከችሎት ውጪ በስምምነት አለቀ። የላቦራቶሪው ሪፖርት ከሕዝብ ዓይን ተሰውሮ ብዙ ዓመት ከረመ። እኔ እንደማየው በጉዳዩ ውስጥ ከቢላው ቀጥሎ ከባዱ ጥፋት ይህ ዝምታ ነው። አንድ ሥዕል ምን እንደተደረገበት የሚያስረዳ ወረቀት በጠበቆች ስምምነት ሲቆለፍ ቀጣዩ ጠጋኝ ከጨለማ ይጀምራል።

አልካይዱ ለምን አይታጠብም?

አንባቢ «ታዲያ የተቀባውን አጥቦ ማንሣት አይቻልም ወይ?» ይል ይሆናል። የጥገና ሙያ የመጀመሪያው ደንብ በእርግጥም ይህ ነው፤ የምትጨምረውን ነገር ነገ ሌላ ሰው ያለ ጉዳት ሊያነሣው የሚችል አድርገህ ጨምር። ለዚህ የሚስማሙ ቀለሞች አሉ። ለምሳሌ በ1940ዎቹ መጨረሻ ሊዮናርድ ቦኩርና ሳም ጎልደን ኒው ዮርክ ውስጥ ያወጡት ማግና የተባለው አክሪሊክ ከደረቀም በኋላ በቀላል የማዕድን ቲነር መልሶ ይሟሟል። ያረጀ የዘይት ቀለም በዚህ ቲነር እምብዛም አይነካም። ስለዚህ ማግናው ይታጠባል፣ ከሥሩ ያለው ይቀራል።

አልካይድ የተለየ ነው። የአልካይድ ሙጫ በውስጡ የዘይት አሲዶችን የያዘ ሲሆን አደራረቁም እንደ ተልባ ዘይት ከኦክስጅን ጋር በመተሳሰር ነው። አንዴ ከደረቀ በቀላል ቲነር አይፈታም፤ ጠንከር ያለ ማሟሟያ ይፈልጋል። ያ ማሟሟያ ደግሞ ከሥሩ ያለውን የዘይት ቀለም ያሳብጠዋል፣ ያልፈሰፍሰዋል፤ ሁለቱ በኬሚካል ዘመዳሞች ናቸውና። አንዱን ከሌላው ለመለየት የሚሞክር ሰው የጠጋኙን ቀይ ሲያነሣ የኒውማንንም እየላጠ መሆኑን የሚያውቀው ከነካ በኋላ ይሆናል። በተጨማሪም ሁለቱም ቀይ ናቸው፤ ጥጡ ላይ የወጣው እድፍ የማን እንደሆነ ዓይን አይለይም። ነጭ በሰማያዊ ላይ ቢሆን ኖሮ ጠጋኙ የት ማቆም እንዳለበት ያይ ነበር።

ሌላው ሥዕል፣ በዚያው ሙዚየም

በኖቬምበር 1997 ያው ሰው፣ ያን የመሰለ ቢላ ይዞ፣ ወደዚያው ሙዚየም ተመለሰ። የመጣው ቀዩን ፈልጎ ነበር፤ ሲያጣው የኒውማንን «ካቴድራ» ቆረጠ። ካቴድራ በ1951 የተሠራ፣ እርሱም ከአምስት ሜትር በላይ የሚረዝም፣ ጥልቅ ሰማያዊ ሜዳ ያለው ሥዕል ነው። የተሠራበትም ቁስ ዘይትና ማግና ነው።

አጋጣሚው ያሳዝናል፤ ለጥናት ግን ከዚህ የተሻለ ማነጻጸሪያ አይገኝም። ሠዓሊው አንድ፣ ሙዚየሙ አንድ፣ አጥፊው አንድ፣ መሣሪያው አንድ። የተለየው የጥገናው መንገድ ነው። በዚህ ጊዜ ሥራው ለውጭ ሰው አልተላከም። የሙዚየሙ የራሱ ባለሙያዎች ያዙት፤ መጀመሪያ ዓመታት የፈጀ ጥናት፣ ምክክርና ሙከራ አደረጉ። የተቆረጠውን ሸራ በማጉያ መሣሪያ እያዩ ክር ለክር አገናኙ። ከዚያ በኋላ ቀለም የነኩት ቀለም በጠፋበት መስመር ላይ ብቻ ነበር። የተረፈውን ሜዳ አልነኩትም።

ውጤቱ ፍጹም ነው አይባልም። በጎን ብርሃን ተጠግቶ የፈለገ ሰው የቁርጡን ፈለግ ያገኘዋል። ሰማያዊው ግን ኒውማን በ1951 ያኖረው ሰማያዊ ነው፣ ንጣፎቹም በቦታቸው አሉ። በቀዩ ላይ የሆነው ተቃራኒው ነው፤ ጠባሳው ጠፍቷል፣ አካሉ ግን ከሌላ ሰው ቅብ ሥር ተቀብሯል። ከሁለቱ ምረጥ ብባል ጠባሳውን ሳላመነታ እመርጣለሁ። የማይመርጡም አሉ፤ ክርክራቸውም ተራ አይደለም። ኒውማን ያልተቋረጠ ሜዳ ነው የፈለገው፣ ጠባሳ ያለበት ሜዳ ደግሞ ሠዓሊው ያልሳለው መስመር አለበት፣ ተመልካቹም ከቀለሙ ይልቅ ቁርጡን ሲፈልግ ይውላል ይላሉ። እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ የሩሎው ሜዳ ያልተቋረጠ ቢሆንም ከቅርብ ለሚያይ የሚሰጠው ነገር የለውም፤ ሥዕሉ የተሠራው ደግሞ ከቅርብ ለሚያይ ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ተከታታይ አራተኛው ሥዕልም አልተረፈም። በ1982 በርሊን ናሽናልጋለሪ ውስጥ አንድ ወጣት መታው። የመታበት ዱላ ሰዎች ወደ ሥዕሉ እንዳይጠጉ ፊት ለፊቱ ከተተከለው የፕላስቲክ አጥር የተነቀለ ነው። አራተኛው በአክሪሊክ የተሠራ ስለሆነ የጥገናው ጣጣም የራሱ ነበር፤ እርሱን ሌላ ጊዜ።

አሁን ግድግዳው ላይ ያለው

ሦስተኛው ሥዕል ዛሬም የስቴደላይክ ንብረት ነው። ከአልካይዱ ሥር ያለው የኒውማን ቀለም አልጠፋም፤ በመርህ ደረጃ እዚያው አለ፣ አይታይም እንጂ። የሌዘርና የጄል ማጽጃ ዘዴዎች ከ1991 ወዲህ ብዙ ተራምደዋል፤ ጥቃቅን ቦታ ላይ እየሞከሩ መጠበቅ ይቻላል፣ መቸኮል ግን አያስፈልግም። አንድ ጊዜ ተቸኩሎ የሆነውን አይተናል።

ሳይጠበቅ ሊደረግ የሚገባው ከሥዕሉ አጠገብ የሚሰቀለው ጽሑፍ ላይ ነው። እንዲህ ያለ ሥዕል ለሕዝብ ሲቀርብ መግለጫው የሠዓሊውን ስም፣ ዓመቱንና «የዘይት ቀለም በሸራ ላይ» የሚለውን ብቻ ቢል ተመልካቹን ያሳስታል። የቁሱ ዝርዝር ውስጥ «አልካይድና ቫርኒሽ፣ በሌላ እጅ፣ እስከ 1991» የሚል መግባት አለበት ባይ ነኝ። ጎብኚው ያኔ ከዚያ ቀይ ፊት ቆሞ የሚሰማው ነገር ከሌለ ጥፋቱን በኒውማን ላይ ከመጣሉ በፊት የሚያየው የማንን ቀለም እንደሆነ ያውቃል።